የጁምዓ አርባ ደቂቃ

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የመሱዳ አፍ ያመለጠው ባለፈው የካቲት፣ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ቫይትቬት በሚባለው የኦስሎ ሠፈር በሚገኘው የሱፍያን ሱቅ ከባንኮኒው ጀርባ ቁጭ ብላ ሳለ ነው። ያመለጣትም ስድብ አይደለም፣ ሐሜትም አይደለም፤ አንዲት ፊደል ናት። «ያ» አለች፤ በኖርዌይኛ «አዎ» ማለቷ ነው። በዚህች አንዲት ፊደል የተነሣ መተዳደሪያዋ ሊቋረጥ፣ ስሟም ከአጭበርባሪ ተራ ሊጻፍ ምንም አልቀረው።

መሱዳ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በሱዳን አድርጋ ኦስሎ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ከዚህ ውስጥ አሥራ አራቱን ያሳለፈችው የሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ነው። አንሶላ መወጠር፣ ፍራሽ ማንሣት፣ የመታጠቢያ ቤት ወለል መፈተግ፣ ይኸው ነበር ኑሮዋ። እነዚያ እጆች አንድ ቀን ጠዋት እምቢ አሉ። አብጠው አልታጠፍ፣ ታጥፈው አልዘረጋ አሉ። ሐኪሞቹ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ነው አሏት፤ የሚያስታግስ እንጂ ነቅሎ የሚጥል መድኃኒት እንደሌለው ነገሯት። ከብዙ ወረቀትና ከብዙ ምርመራ በኋላ «ኡፎር» ሆነች። በጤናው ምክንያት መሥራት ያልቻለ ሰው በዚያ ሀገር የሚጠራው እንዲህ ነው፤ ድጎማውንም የሚያገኘው በዚሁ ስም ነው።

መቼም ያ ሀገር ሰውን መሸንሸን ያውቅበታል። መሱዳ ከመቶ ስድሳ እጇ ኡፎር፣ አርባ እጇ ጤነኛ ተባለች። የትኛው ጣት ከስድሳው፣ የትኛው ከአርባው እንደሚቆጠር ግን የነገራት የለም። በአርባው እጇ ሰኞና ረቡዕ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ትሠራለች። የታጠበውን ልብስ አንገትጌው ላይ የተለጠፈውን ስም እያየች በየባለቤቱ ትለያለች፤ ከባዱን ቅርጫት የሚያነሣላት ሌላ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹን በመልክ ሳይሆን በካልሲያቸው ታውቃቸዋለች። አንዱ ከሞተ ካልሲው መምጣት ሲያቆም ነው የምትረዳው፤ ያን ቀን ከንፈሯን ትመጥጣለች።

ይህችን ሥራ ትወዳታለች። ሰኞና ረቡዕ ጠዋት ስትነሣ የምትሄድበት አላት፤ በስሟ ጠርቶ እንዴት አደርሽ የሚላት አላት። ግን የሁለት ቀን ሥራ ብቻውን የቤት ኪራይ አይችልም፤ ሳምንቱን ሙሉ ልሥራ ብትል ደግሞ እጅ የላትም። ድጎማው ከተቋረጠ ወዴትም አትሸሽም። ነገሩ ይኸው ነው።

ሱፍያን የአክስቷ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ትበልጠዋለች። ባሏ ሰዕድ የዛሬ አምስት ዓመት በድንገት ሲሞት፣ ሬሳውን ከሆስፒታል የተረከበው፣ ያሳጠበው፣ ያስከፈነው፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመው ሱፍያን ነው። መሱዳ ያን ቀን የቆመችበትን መሬት አታውቀውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሱፍያን የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እታለም፣ ጁምዓ ሰግጄ እስክመለስ አንዴ ሱቋን ጠብቂልኝ።»

ያ «አንዴ» ይኸው አምስት ዓመቱ። በየዓርቡ አርባ ደቂቃ። ኮምቦልቻ ቢሆን ይህ ወሬም አይሆን። ባለሱቅ መስጊድ ሲሄድ ጎረቤቱን ጠብቅልኝ ይላል፤ ጎረቤትም ይጠብቃል። ይህን «ሥራ» ብሎ የሚጠራው ቢገኝ መሳቂያ ይሆናል። መሱዳም ሥራ ነው ብላ አንድም ቀን አስባው አታውቅም፤ ሥራማ ሰኞና ረቡዕ ነው።

በዚያ ዓርብ ሱፍያን ከወጣ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ መታወቂያ ከአንገታቸው ያንጠለጠሉ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ገቡ። ተቆጣጣሪዎች ነን አሉ፤ በሠፈሩ ያሉትን ትንንሽ ሱቆች እየዞሩ ኖሯል። ስሟንና የልደት ቁጥሯን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ባለቤቱ የት ነው አሏት፤ ሰላት ላይ ነው አለች። ሰውየው በርበሬውንም፣ ሽሮውንም፣ የቴምሩን ካርቶንም ቃኘና ወደሷ ዞሮ በቅን ልቡ ጠየቃት።

«እዚህ አትሠሪም፣ አይደል?»

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ አፉን የፈታ ሰው «አትሠሪም?» ሲባል፣ የማይሠራ ከሆነ «አዎ» ይላል። አዎ፣ ልክ ብለሃል፣ አልሠራም ማለቱ ነው። ኖርዌያዊ ግን የማይሠራ ከሆነ የሚለው «ናይ» ነው። አይ፣ አልሠራም። መሱዳ ሃያ ዓመት ሙሉ ኖርዌይኛ ስትናገር ምላሷ ተገርቷል፤ ጆሮዋ ግን እዚያው ኮምቦልቻ ነው የቀረው።

«ያ» አለች።

ሰውየው ቅንድቡን አነሣ። «ያ?»

«ያ፣ ያ!» አለች ጠበቅ አድርጋ፣ እንዳይጠራጠራት ብላ።

ሰውየው የሰማውን ጻፈ። መሱዳ ቴምር ቅመሱ አለቻቸው፤ አመስግነው እምቢ አሉ። በፈገግታ ሸኝታቸው ወንበሯ ላይ ተመለሰች። ሱፍያን ሲመጣም «ሁለት ሰዎች ፈልገውህ ነበር፤ ጨዋዎች ናቸው» አለችው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከናቭ ደብዳቤ መጣ። ናቭ ድጎማውን የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ነው፤ ደብዳቤውም የሚመጣው በስልክ ነው። መሱዳ ቋንቋውን ብትናገርም የቢሮ ጽሑፍ ራሷን ያዞራታል፤ እንዲህ ያለውን የምታነብላት ልጇ ሂዳያ ናት። ሂዳያ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ትጨርሳለች። ወጥ ቤት ቆማ ዳቦ እየገመጠች ማንበብ ጀመረች፤ ከዚያ ማኘኳን ተወች።

«እማ፣ ሱፍያን ጋ ትሠሪያለሽ እንዴ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ!»

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው? ወላሂ እዚህ ተጽፏል። 'ጥያቄ፦ እዚህ አትሠሪም? መልስ፦ ያ።' ያ ብለሻል?»

«ታዲያ ምን ልበለው? አትሠሪም ወይ አለኝ፤ ያ አልኩት። አልሠራማ!»

«ናይ ነው የሚባለው፣ እማ!»

«ናይ ካልኩትማ እሠራለሁ ማለቴ ነው።»

ሂዳያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መሱዳ መጀመሪያ ሳቅ ልትል ነበር። ቀጥሎ ልጅቱ የቀረውን ስታነብላት ሳቁን ረሳችው። ደብዳቤው ያላስታወቁት ሥራ እንደሚሠሩ መረጃ ደርሶናል ይላል። የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ሄልስፊር ወደሚገኘው ቢሮ ይምጡና ያስረዱ ይላል። የድጎማዎ መቀጠልና አለመቀጠል የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ነው ይላል።

መሱዳ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፈራች። ስደት ያላስፈራት፣ በረሃ ያላስፈራት ሴት አንድ ደብዳቤ አስፈራት። ቤቱ ታያት፣ የልጇ ትምህርት ታያት፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ያሉት ሴቶች «መሱዳ እኮ እያታለለች ኖሯል» ሲባባሉ ተሰማት። ሌባ ተብላ አታውቅም። የሰው መርፌ እንኳ አንሥታ አታውቅም።

ሱፍያን በማግሥቱ መጣ። ለሱም ደብዳቤ ደርሶታል። ግባ ስትለው እንኳ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ፤ ይህ የሱ ጠባይ አይደለም።

«እታለም፣ ነገሩ ቀላል ነው። ልገዛ ገብቼ ነው በይ። ደንበኛ ነኝ በይ።»

«ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጬ ነው ደንበኛ የምሆነው?»

«እግርሽን አሞሽ ነው የተቀመጥሽው። ወንበሩ ያለው እዚያ ነው። በቃ!»

«ያሲን እየቀራህ አድገህ፣ ዋሺ ትለኛለህ?»

«አትውቀሺኝ። ያለ ውል ሰው ያሠራል ካሉኝ ይቀጡኛል፤ ሱቋ ደግሞ አሁንም በእግሯ አልቆመችም። ልጆች አሉኝ፣ እታለም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ አንቺን አሳፍሬሽ አውቃለሁ?»

ይህችኛዋ ወጋቻት። ስለ ሰዕድ ቀብር አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ እሷ ግን ሁሉንም ሰማችው። እሺም አላለችው፣ እምቢም አላለችው።

«አላህ ያውቃል» አለች። የወሎ ሰው እንዲህ ካለ ነገሩ ገና በሆዱ ነው ማለት ነው። ሱፍያንም የወሎ ልጅ ነውና ገብቶታል፤ ደረጃውን እየወረደ «ደንበኛ! አንድ ቃል ናት እኮ!» ሲል ከታች ተሰማ። አንድ ቃል ያመጣውን መዘዝ በሌላ አንድ ቃል ሊያወጣው መሆኑ ነው።

እስከ ማክሰኞ የነበሩት ቀናት ያልቁ አይመስሉም ነበር። ሂዳያ እናቷን እንደ ተማሪ ይዛ ታለማምዳት ጀመር። እቃ እያጠቡ ሳለ ድንገት ትዞርና «ስኳር አትፈልጊም?» ትላለች በኖርዌይኛ።

«ያ... ናይ! ቆይ፣ ስኳሩን እፈልገዋለሁ ወይስ አልፈልገውም?»

«አትፈልጊውም።»

«እንግዲያው ናይ።»

«እሺ፣ ብትፈልጊውስ?»

«ያ።»

«ናይ! ያኔ 'ዩ' ነው የሚባለው። አትፈልጊም ብሎሽ አንቺ ግን ከፈለግሽ ዩ ነው።»

«ደግሞ ሦስተኛ አመጣሽብኝ!»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቃል። ያን ሰሞን ግን መሱዳ እንቅልፍ አጥታ ነበር፤ እህልም አልወርድ ብሏታል። ረቡዕ ዕለት ሥራ ላይ የአንዱን ሽማግሌ ሸሚዝ ለሌላው አስቀምጣ፣ ከሰው ቀድማ ራሷ ደርሳበት መለሰችው። አለቃዋ ደህና ነሽ ወይ ስትላት «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። መጨረሻ ላይ ራሷ ብልሃት አገኘች።

«በቃ ያም የለ፣ ናይም የለ፣ ዩም የለ» አለቻት ልጇን። «ሙሉውን ነው የምናገረው። እሠራለሁ። አልሠራም። እፈልጋለሁ። አልፈልግም። ይህን የሚያጣምም ይምጣ።»

ማክሰኞ ሄልስፊር ሲደርሱ የቀለጠው በረዶ ተመልሶ ጠጥሮ፣ መንገዱ ያንሸራትት ነበር። ቢሮው ከባቡር ጣቢያው ብዙ አይርቅም፤ ለመሱዳ ግን የኮምቦልቻ አቀበት ሆኖባት ደረሰች። ያነጋገረቻቸው ሴት ራንዲ ትባላለች፤ ወደ ስድሳው የምትጠጋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ፊቷ የማይከፋ ሴት ናት። ገና ሳይቀመጡ ጠየቀች።

«አስተርጓሚ አትፈልጊም?»

መሱዳ ድርቅ አለች። ሂዳያ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት።

«አስተርጓሚ አልፈልግም። ኖርዌይኛ እናገራለሁ» አለች መሱዳ አንድ በአንድ፤ ላብ ግን አጠመቃት።

ሂዳያ ፈቃድ ጠይቃ የዚያችን «ያ» ነገር አስረዳች። ራንዲ በመጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ መነጽሯን አወረደችና ወደ መሱዳ ዞረች።

«ቆይ እስቲ። 'አትበይም?' ብዬሽ አንቺ 'አዎ' ብትይ፣ አልበላም ማለትሽ ነው?»

«አልበላም ማለቴ ነው።»

ራንዲ ሳቀች፤ ከልቧ ነው የሳቀችው። «እኔን ከጠየቃችሁኝ የናንተው ሳይሻል አይቀርም» አለችና ጻፈች። ሂዳያ ጮክ ብላ አነበበችላት፤ የቋንቋ አለመግባባት ይላል። መሱዳ ከደብዳቤው ጀምሮ የተሰቀለው ትከሻዋ ወረደ። ጌታዬ ተመስገን አለች በልቧ። እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ?

ራንዲ ብዕሯን ሳታነሣ፣ ወረቀቱን ልትጨርስ ያህል አንዲት ጥያቄ ጨመረች።

«እንግዲህ ያን ቀን ደንበኛ ሆነሽ ነው እዚያ የነበርሽው፣ አይደል?»

የማምለጫው በር ወለል ብሎ ተከፈተላት። ሱፍያን የለመናትን ያችኑ ቃል ሴትየዋ ራሷ አጉርሳታለች። «ያ» ብትል አበቃ፤ ሱፍያንም ይድናል፣ እሷም ትድናለች፣ ከሰዓት በፊት ቤቷ ትገባለች። ሂዳያ ጭንቅላቷን በትንሹ ነቀነቀች፤ በይ፣ በይው ማለቷ ነው። መሱዳ የሱፍያንን ፊት አየችው፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ፣ እጁ በአፈር ተለውሶ።

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላል አማርኛ። ባለማወቅ ያመለጠችኝ ቃል ይህን ያህል ካንቀጠቀጠችኝ፣ አውቄ የማወጣትማ ምን ታደርገኛለች? አለች መሱዳ በልቧ። ሐቀኛ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሳምንት የምትፈራበት አቅም ስላልነበራትም ነው።

«ደንበኛ አልነበርኩም» አለች።

«እማ!» አለች ሂዳያ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ።

«የአክስቴ ልጅ ነው ባለሱቁ። ዓርብ ዓርብ መስጊድ ይሄዳል። እሱ እስኪመለስ እኔ እቀመጥለታለሁ።»

ከራንዲ ፊት ላይ ያ ሳቅ ተሰበሰበ። «በየዓርቡ?»

«በየዓርቡ። አርባ ደቂቃ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ባሌ ከሞተ ጀምሮ። አምስት ዓመት።»

«ይከፍልሻል?»

«አይከፍለኝም። ድንብላል ይሰጠኛል። ዘመዴ እኮ ነው።»

«መሱዳ፣ እዚህ ሀገር ሱቅ መጠበቅ ሥራ ነው። ቢከፈልበትም ባይከፈልበትም ልታሳውቂን ይገባ ነበር።»

እንግዲህ ያቺ በስሕተት የወጣች «ያ» በነሱ ሚዛን እውነት ሆና ተገኘች። ይህ አሁን ለመሱዳ ገባት። ራንዲ ግን ገና አልጨረሰችም፤ የኮምፒዩተሩን መስታወት ወደነሱ አዞረችው። ፊቷ ክፉ አልነበረም፤ ጥያቄዋ ግን እንደ ወረንጦ ነበር።

«ይህ ባለፈው መስከረም ሐኪምሽ የጻፈው ነው። 'ታካሚዋ ደህና ነኝ ትላለች፤ ቅሬታ የላትም' ይላል። የዚያኛው ዓመትም እንደዚሁ ነው። ደህና ከሆንሽ፣ ባንኮኒ ላይም መቀመጥ ከቻልሽ፣ ለምንድን ነው ከአርባ በላይ የማትሠሪው?»

መሱዳ ከዚህ በፊት የምትፈራው ነገር ሁሉ ተረት መሰላት፤ እውነተኛው ይሄኛው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ግን ደግሞ ወሎ ውስጥ አድጋለች። እዚያ ሰው እንዴት ነህ ሲባል አልሐምዱሊላህ ይላል፤ እግሩ ተቆርጦም ቢሆን አልሐምዱሊላህ ይላል። ሕመሙን አንድ፣ ሁለት እያለ የሚዘረዝር ሰው በፈጣሪው ላይ እንደሚከስስ ይቆጠራል። ሐኪሙ በየዓመቱ ጨብጧት እንዴት ነሽ ሲላት የኖረችውም ይህንኑ ስትል ነው። ደግሞም ልጇ አጠገቧ ተቀምጣለች። ከሐኪሙ የደበቀችው በልማድ ነው፤ ከሂዳያ የደበቀችው ግን አውቃ ነው። አባቷን የቀበረች ልጅ የእናቷንም እጅ እያየች እንድትሳቀቅ አልፈለገችም።

«ሂዳያ፣ ውጪ ትጠብቂኝ?» አለቻት በአማርኛ።

«አልወጣም።»

መሱዳ ጓንቷን አወለቀች። ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው፤ ወደ ጎን ተጣመው፣ መጋጠሚያቸው አብጦ ቀልቷል።

«ለሐኪሙ ደህና ነኝ ያልኩት ለሱ አይደለም» አለች። «ለአላህ ነው ያልኩት። ሐኪሙ የሰማው የሱ መስሎት ነው።»

ራንዲ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ጠዋት ስነሣ ጣቶቼ የኔ አይደሉም። እስኪላቀቁ ሙቅ ውሃ ውስጥ እነክራቸዋለሁ፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት። ልጄ ገላዬን የምታጠብ ይመስላታል። ክዳን የምከፍተው በጥርሴ ነው። የቤቱን በር የምከፍተው ቁልፉን በሁለት መዳፌ ይዤ ነው። ሥራ ከዋልኩ በማግሥቱ ማንኪያ አልይዝም፤ ማክሰኞና ሐሙስ የምበላው ዳቦ ነው፤ ዳቦ ስለምወድ አይደለም። ሱፍያን ሱቅ ምንም አላነሣም። ደንበኛው ራሱ ይመዝናል፣ ራሱ ይከታል። እኔ እዚያ የተቀመጥኩት ሰው አለ እንዲባል ነው።»

ኖርዌይኛዋ እየተሰባበረ ቢሆንም አላቆመችም። ከጀመረች በኋላ አምስት ዓመት የተጠራቀመው ሁሉ ተገፋፍቶ መጣ። ከዚያ አንድ ቃል ጠፋባት። ፈለገችው፣ አጣችው፤ ሳታስብም ወደ ልጇ ዞረች።

«ሹሩባ ምንድን ነው የሚሉት?»

ሂዳያ የእናቷን ጣቶች አየች።

«ፍሌተ» አለች።

«አዎ፣ ፍሌተ» አለች መሱዳ፤ «አዎ» ያለችው በአማርኛ ነው። «የልጄን ጸጉር ሹሩባ የምሠራው እኔ ነበርኩ። እሑድ እሑድ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ። አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ጣቴ እምቢ አለኝ፤ ፈትሉ ይወድቅብኛል። አመመኝ አላልኳትም። 'አሁን አድገሻል፣ የራስሽን ጸጉር ራስሽ ቻይ' አልኳት። ተቆጥቼ ነው ያልኳት። ባልቆጣ ኖሮ ልቅሶዬ ያመልጠኝ ነበር።»

ሂዳያ ዓይኗን ከጣቶቹ ላይ አልነቀለችም። ራንዲ ኮምፒዩተሩ ላይ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። መሱዳ ፍርዷን የምትጠብቀው እጇን እንደዘረጋች ነው፤ መሰብሰብ ረስታው።

«ድጎማሽን የማቋርጥበት ምክንያት አላየሁም» አለች ራንዲ። «ስድሳው ስድሳ ሆኖ ይቀጥላል። ግን ሐኪምሽ ዘንድ ሄደሽ ዛሬ ለኔ የነገርሽኝን ለሱም ትነግሪዋለሽ፤ አዲስ ማስረጃ ያስፈልገኛል። የዓርቡን ጉዳይ ወይ ታስመዘግቢዋለሽ ወይ ትተዪዋለሽ። ስለ ሱቁ የነገርሽኝ ግን ተጽፏል፤ አልሰርዘውም።»

መሱዳ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። ሁለተኛውን ሰምታ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነችና አልሐምዱሊላህ አለች። ራንዲም የቃሉን ትርጉም ባታውቅም እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

ወደ ጣቢያው ሄዱ። መሱዳ ሐሳቧ ሱፍያን ላይ ነበር። ይቆጣል፤ ምናልባት ለዓመት አያናግራትም፤ ወረቀቱ ሳይደርሰው ዛሬውኑ ሄዳ በራሷ አፍ ልትነግረው ወሰነች። ሸክሟ ግን ቀሏል። ድጎማው አልተቋረጠም፣ ሰኞና ረቡዕም የሷው ናቸው። ጓንቷን እንደምንም አጠለቀች። የጣቢያው አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ ልትስቅም ቃጥቷት ነበር፤ ልጇን አየችና ተወችው።

«እማ» አለች ሂዳያ፣ ፊቷን ወደ ሐዲዱ አድርጋ። «ጸጉርሽ የአባትሽ ነው ትይኝ አልነበር?»

«የሰዕድ ነዋ። እንዲያ ያለ ወፍራም ጸጉር በኛ በኩል የለም።»

«አባቴ በሞተ በሁለት ወሩ ነው የተውሽው። እሱን እያስታወሰሽ መንካት ያስጠላሽ መሰለኝ።» እጇን ወደ ሻርፗ ሰደደች። «ለዚህ ነው የቆረጥኩት። አንድም ቀን ያላስረዘምኩት ለዚህ ነው።»

መሱዳ ያን ሁሉ ሳምንት ምን እንዳታጣ እንደፈራች ታስታውሳለች። ቤቷን፣ ስሟን፣ ሥራዋን። ይህችን ልጅ ግን ከናቭ በፊት፣ ከተቆጣጣሪ በፊት፣ በገዛ ምላሷ ስታጣት እንደኖረች ዛሬ ገና ገባት። ይቅር በይኝ ልትል አፏን ከፈተች፤ ልቅሶ ቀደማት። ባቡሩ መጣ፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ፣ ሄደ። ሁለቱም ከተቀመጡበት አልተነሡም። ሂዳያ የእናቷን ጓንት ከጣት ከጣቱ ቀስ እያለች ሳበችው፤ አውልቃም እጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና የትኛው እንደሚያማት አንድ በአንድ እየነካች ጠየቀቻት። መሱዳም አንድ በአንድ ነገረቻት።